አራት ነጥብ ቢጫ ነው ወይስ ቀይ?

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየፈላ ነው። ላፕቶፑ ከረከቦቱ አጠገብ ተከፍቷል። የ74 ዓመቱ አዛውንት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን በጎን ያዩታል። በአንድ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል ከሣጥኑ እየለቀሙ፣ የተገለበጠውን እንደ ቀናው እያነበቡ ነው የኖሩት። አጠገባቸው የተቀመጠችው የወንድማቸው ልጅ ግራፊክ ዲዛይነር ናት። ቀን ቀን የሰው ሎጎ፣ የሰርግ ካርድና ባነር ትሠራለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ማንም ያላዘዛትን ነገር። ላለፉት አራት ወራት ያ ነገር ፎንት ነው፤ እንደ ቴትሪስ ጡብ በጡብ የተደረደረ፣ ባለቀለም የአማርኛ ፎንት። በነፃ ልትለቀው አስባለች። ከመልቀቋ በፊት ግን ፊደል ያስቆጠሯት ሰው እንዲያዩላት ፈልጋለች።

ጋሼ፦ ምንድነው ይኼ? የሰርግ ዳስ ነው እንዴ?

ልጅቱ፦ «በ» ነው፣ ጋሼ። ራቅ ብለው ይዩት።

ጋሼ፦ «በ» መሆኑንማ ዐወቅኩት። እንዲህ ያለበሰው ማነው ነው የምልሽ።

ስክሪኑ ላይ ያለው «በ» 16 ካሬ አለው፤ ከላይ ስድስት ካሬ አግዳሚ፣ ከግራና ከቀኝ አምስት አምስት ካሬ እግር። በቴትሪስ የሚወርደው ጡብ ሁሉ ከአራት ካሬ የተሠራ ስለሆነ 16ቱ ለአራት ጡብ ልክ ይመጣል። ልጅቱ በጣቷ ትቆጥራለች። የግራ እግሩ የታችኛው አራት ካሬ ቀጥ ያለው ሲያን ጡብ ነው። የግራ ትከሻው ክርን ያለው ብርቱካናማ፣ የቀኝ ትከሻው የእሱ ግልባጭ የሆነው ሰማያዊ፤ የቀኝ እግሩ እንደገና ሲያን።

ልጅቱ፦ አሁን የግራውን ሲያን አነሣሁት። ምን ሆነ?

ጋሼ፦ (መነጽራቸውን ወደ ዐይናቸው እያወረዱ) «ባ»!

ልጅቱ፦ እሱን መልሼ የቀኙን ባነሣውስ?

ጋሼ፦ «ቦ»። አይ አንቺ ልጅ!

ልጅቱ፦ ሁለቱንም እግር መልሼ ከቀኙ ሥር ቢጫዋን አራት ማዕዘን ጡብ ሳስጠጋ «ቤ» ይሆናል። ጨዋታው ሰባት ዓይነት ጡብ አለው፣ ሰባት ቀለም። የእኛ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ነው። ይኼ ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ጡቦቹ ቴትሪስ ወደተወለደባት ሞስኮ ከመድረሳቸው በፊት የሒሳብ ሰዎች መጫወቻ ነበሩ። አሜሪካዊው ሰለሞን ጎሎምብ እ.ኤ.አ. በ1953 ካሬ ከካሬ እያጋጠመ የሚገኙትን ቅርጾች ማጥናት ጀምሮ ስም አውጥቶላቸዋል። በ1984 ደግሞ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ የነበረው አሌክሲ ፓዥትኖቭ ቅርጾቹን ከላይ ወደ ታች እንዲወርዱ አደረጋቸው። የተጠቀመበት ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ ማሽን ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበር፤ የሚያሳየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ካሬ በቅንፍ ሠራው። ቀለሙ የመጣው በኋላ፣ ጨዋታው ወደ አይቢኤም ፒሲ ሲዛወር ነው፤ በዚያ ሥራ የተካፈለው ቫዲም ጌራሲሞቭ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ቴትሪስን በዓለም ዙሪያ ያዳረሰው ጌም ቦይ ደግሞ ጭራሽ ቀለም አልነበረውም።

ጋሼ፦ በቅንፍ? እኛም እኮ ጌጥ ሲያልቅብን ቅንፍና ሰረዝ እየደረደርን ለገና ካርድ ጠርዝ እንሠራ ነበር።

ልጅቱ፦ ሰውየው ከፊደል ዕቃ ጨዋታ ሠራ፤ እኔ ጨዋታውን ወደ ፊደል መለስኩት።

ጋሼ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። በእኛ ጊዜ እርሳሱ ቀለም የለውም። ቀለም ያለው ሮለሩ ላይ ነው። ቀይ ከፈለግሽ ሮለሩን አጥበሽ፣ ቀይ ቀብተሽ፣ ያንኑ ወረቀት ሁለተኛ ታሳልፊዋለሽ፤ አንድ ሚሊ ከተንሸራተተ ያ ሁሉ ወረቀት መጠቅለያ ነው። የአንቺ ቀለም የት ነው ያለው? ጽሑፉ ላይ ነው ፊደሉ ውስጥ?

ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ነው። ተራ ፎንት ልክ እንደ እርሳሱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ጽሑፉ የተጻፈበት ፕሮግራም ነው። ባለቀለም ፎንት ግን ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ለዚህ ነገር በር የከፈተው ኢሞጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የጃፓኑ ኤንቲቲ ዶኮሞ 176 ትንንሽ ሥዕሎች ሲያወጣ እያንዳንዱ 12 በ12 ፒክስል ብቻ ነበር። የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ኢሞጂ ከዓመታት በኋላ ዓለምን ሲያዳርስ ቢጫውን ፊት በጥቁር መስመር ብቻ ማሳየት አልሆነም፤ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ አዶቢና ሞዚላ ፎንት ቀለም የሚይዝበትን ዘዴ የየራሳቸውን ይዘው ቀረቡ። ልጅቱ የመረጠችው የማይክሮሶፍቱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዊንዶውስ 8.1 ጋር የመጣውን። በዚህ ዘዴ ፎንቱ ውስጥ ሁለት ሠንጠረዥ ይጨመራል። አንደኛው «ይህ ፊደል ከእነዚህ ሌየሮች የተነባበረ ነው፣ የመጀመሪያው ሌየር ቀለም ቁጥር 2፣ የሚቀጥለው ቀለም ቁጥር 5» ይላል። ሁለተኛው ቁጥር 2 እና ቁጥር 5 የትኞቹ ቀለሞች እንደሆኑ ይናገራል። ቀለም የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ሲያጋጥም ሁለቱን ሠንጠረዦች አልፎ ፊደሉን በጥቁር ይጽፈዋል። ጽሑፉ አይጠፋም።

ጋሼ፦ እሺ፣ አሁን አንድ ሙሉ ገጽ አሳዪኝ።

አሳየቻቸው። ሦስት ቃል አንብበው ቆሙ።

ጋሼ፦ ዐይኔን ወጋኝ።

ልጅቱ፦ ጌም እኮ ነው፣ ጋሼ። ደስ እንዲል ነው።

ጋሼ፦ አንዱን «በ» ሳይ ደስ ብሎኛል። ሁለት መቶው ሲሰበሰብ ግን ገበያ ነው፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም አይሰማም። ብራና አይተሽ ታውቂያለሽ? ጸሐፊው ሁለት ቀለም ነው ያለው፣ ጥቁርና ቀይ። ቀዩን የትም አይረጨውም። የእመቤታችን ስም ላይ፣ የቅዱሳን ስም ላይ፣ የምዕራፍ መግቢያ ላይ። ቀይ ሲመጣ ዐይንሽ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ይላል። አንቺ ሰባት ቀለም ይዘሽ አንዱም ምንም አይነግረኝም። ይኼ ሲያን ምን ሊለኝ ነው?

ልጅቱ፦ ጡቡ ሲያን ስለሆነ ነው…

ጋሼ፦ ጡቡን አላነብም። የማነበው ፊደል ነው።

ላፕቶፑን ዘጋች። እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ከአዛውንቱ ጋር መወገኑን መደበቅ አይችልም። አንድን ጌም መውደድና የጌሙን ልብስ ፊደል ላይ መጫን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን «ናብላ» የተባለ ፎንት ለዚህ መጥቀስ ይቻላል። የላቲን ፎንት ነው፤ መነሻው በጎን ከፍታ የሚታዩት ጥልቀት ያላቸው የኮምፒውተር ጌሞች ናቸው። ነገር ግን የየትኛውንም ጌም ገጸ ባሕርይ ወይም ግድግዳ አልለጠፈም። የወሰደው ያንን የማየት መንገድ ብቻ ነው፦ የፊደሉን ጎን፣ ጥላውን፣ ብርሃን የሚመታውን ጠርዝ። የልጅቱም ግኝት ያለው የ«በ» እግር ሲነሣ «ባ» በመሆኑ ውስጥ እንጂ በቀለሙ ብዛት አልነበረም።

ተመልሳ የመጣችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቡናው ያው፣ ላፕቶፑም ያው። ፎንቱ ግን ሌላ ሆኗል። የፊደሉ አካል አሁን ጥቁር ነው፤ ቀለም ያለው ከግዕዙ የሚለየው ምልክት ብቻ ነው። የካዕቡ ቅጥያ ሐምራዊ፣ የሳልሱ ብርቱካናማ፣ የራብዑ ረዥም እግር ሲያን፣ የኃምሱ ቀለበት ቢጫ፣ የሳድሱ አረንጓዴ፣ የሳብዑ ሰማያዊ። ግዕዙ ምልክት ስለሌለው ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል።

ጋሼ፦ ይኼን ዐውቀዋለሁ! አካሉ ለብቻ፣ ምልክቱ ለብቻ። የኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪና ነው እኮ። አካሉን ትመቺያለሽ፣ ከዚያ ምልክቱን ትጨምሪበታለሽ።

ልጅቱ፦ እኔ ደግሞ አዲስ ነገር የፈጠርኩ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ መኪናው ቀለም የለውማ። ይኼኛውን ግን ፊደል የሚቆጥር ልጅ ዐይኑ ያይለታል፤ ሲያን ካየ አፉን «አ» ብሎ ይከፍታል። እያንዳንዷን በእጅሽ ቀባሻት?

አልቀባችም፤ ብዙውን የሠራላት አጭር ፕሮግራም ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት መቀመጫ ተመድቦለታል። «በ» በ1260 ይጀምራል፣ «ቡ» 1261፣ «ቢ» 1262፣ እንዲህ እያለ «ቦ» 1266 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የፊደሉ ቁጥር ከቤቱ መጀመሪያ ምን ያህል እንደራቀ ማወቅ ካዕብ ይሁን ሳብዕ ማወቅ ነው፤ ፕሮግራሙ ይቆጥርና ምልክቱን ቀለም ሰጥቶ ያነባብረዋል። የፊደል ገበታችን ግን እንደ ቁጥሩ ሥርዓት አክባሪ አይደለም። የ«ረ» እና የ«ፈ» ቤቶች እግር ሳይኖራቸው ይለዋወጣሉ፤ ሳድሱ አንዴ ራሱን ይሰብራል፣ አንዴ ጎኑን ያወጣል። እነዚያን አንድ በአንድ በእጇ ነው የሠራቻቸው። የቴትሪስ ሜዳ ወርዱ 10 ካሬ ስለሆነ የትኛውም ፊደል ከ10 ካሬ እንዳይሰፋ ለራሷ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሦስት እግር ያላቸው «ሐ» እና «ጠ» ቅጥያቸውን ይዘው እዚያ ውስጥ እስኪገቡ ብዙ ሌሊት በልተዋል።

ጋሼ፦ «ቤ» ግን ጠፋብኝ። ቀለበቷ የለችም።

ልጅቱ፦ አለች። ቢጫ ስለሆነች ነው።

ጋሼ፦ ነጭ ወረቀት ላይ ቢጫ? ማተሚያ ቤት ብትሆኚ ፎርማኑ ያባርርሽ ነበር።

የቴትሪስ ሰባት ቀለሞች የተመረጡት ለጥቁር ሜዳ ነው። ልጅቱ መፍትሔውን እዚያው ፎንቱ ውስጥ አገኘችው፤ የቀለም ሠንጠረዡ ከአንድ በላይ ስብስብ መያዝና የትኛው ለጥቁር፣ የትኛው ለነጭ ገጽ እንደሚስማማ ምልክት ማድረግ ይችላል። ለነጩ ገጽ ቢጫውን ወደ ሰናፍጭ አጠቆረችው፤ ሲያኑንም ጠቆር አደረገችው። ሦስተኛ ስብስብ የጨመረችው ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ለሚምታታባቸው አንባቢዎች ነው። ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ወንዶች መካከል ከ100 ወደ 8 የሚሆኑት እንዲህ ያለ ችግር አለባቸው፤ የቴትሪስ ሁለቱ እባብ መሳይ ጡቦች፣ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ቀይ፣ ለእነሱ በቀለም ለመለየት ያስቸግራሉ።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በአራት ነጥብ ነው።

ልጅቱ፦ አራት ነጥብ ማለት አራት ካሬ ነው። አራት ካሬ ሁለት በሁለት ሲቀመጥ ቢጫው ጡብ ነው። ስለዚህ ቢጫ መሆን አለበት። ራሱ መጥቶ ነው የገጠመው!

ጋሼ፦ አራት ነጥብ ቀይ ነው።

ልጅቱ፦ ለምን?

ጋሼ፦ የብራናው ጸሐፊ ነጥቦቹን በጥቁርና በቀይ ነበር የሚያቀልማቸው። ደግሞ ለስድስት ምልክት ስድስት ቀለም ሰጥተሻል። ሰባተኛው፣ ቀዩ፣ የት ሄደ?

የትም አልሄደም፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ልጅቱ ትንሽ ዝም አለችና አራት ነጥቡን፣ ሁለት ነጥቡን፣ ነጠላና ድርብ ሰረዙን ቀይ አደረገቻቸው። ገጹ ወዲያው ተረጋጋ፤ ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ከሩቅ ይታያል።

ጋሼ፦ አሁን ሰው ፊት ይቀርባል። እንዴት ነው የምትለቂው?

ልጅቱ፦ ቴሌግራም ላይ። የፈለገ ይውሰድ።

ጋሼ፦ «የፈለገ ይውሰድ» ፈቃድ ነው እንዴ? አንድ ሣጥን ፊደል ከጎረቤት ማተሚያ ቤት ስንዋስ እንኳ ፈርመን ነበር። የወሰደው ሰው ነገ አሽጎ ቢሸጠውስ? ቀይሮት በአንቺ ስም ቢያወጣውስ?

ፎንት በአገራችን በአብዛኛው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ነው ሲዞር የኖረው። ከዩኒኮድ በፊት ይህ ግዴታ ነበር፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ስለነበረው ፎንቱን አብሮ ያልላከ ሰው የላከው ደብዳቤ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል። ስለ ፈቃድ የመጠየቅ ልማድ እዚያ ውስጥ አላደገም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ ቢሆንም ፎንት ተቀባዩ «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ልጅቱ በመጨረሻ የወሰደችው ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ለፎንት ብሎ ያዘጋጀውን ክፍት ፈቃድ ነው። ማንም ይጠቀምበታል፣ ይለውጠዋል፣ ያሠራጨዋል፤ መጽሐፍ ቢያትምበትና መጽሐፉን ቢሸጥ ይችላል። ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን አይችልም፣ የለወጠውንም በዚያው ፈቃድ ነው የሚያወጣው። የመጀመሪያው ሠሪ ለራሱ ያስጠበቀውን ስም ለተለወጠው መስጠትም ክልክል ነው። በዚሁ ፈቃድ የወጣውን «ፕሬስ ስታርት 2ፒ» ብዙ ሰው ሳያውቀው አይቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የናምኮ አርኬድ ጌሞች ላይ የነበረውን 8 በ8 ፒክስል ፊደል የወደደ ሰው የሠራው ነው።

ጋሼ፦ የጨዋታው ባለቤትስ ምን ይላል?

ልጅቱ፦ አሜሪካ ውስጥ የፊደል ቅርጽ ብቻውን የቅጂ መብት የለውም። የጨዋታ ሐሳብና ደንብም እንደዚያው። መልኩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኒው ጀርሲ ፌዴራል ፍርድ ቤት «ሚኖ» የሚባል የአይፎን ጌም የቴትሪስን መልክ ወስዷል ብሎ ፈረደበት፤ የሜዳውን 10 በ20 ልክ እንኳ ቆጥሮታል።

ጋሼ፦ ታዲያ አንቺ ሜዳ የለሽም።

ልጅቱ፦ የለኝም። ቀለሙም ለነጭ ገጽ ስል ተለውጧል። ስሙን ግን «ቴትሪስ ፊደል» ልለው ነበር፣ እሱን ተውኩት። የንግድ ምልክት ነው።

ጋሼ፦ የሚገርመው፣ ያ የሠራው ሰውዬ ራሱ ከጨዋታው ምን አገኘ?

ብዙ ዓመት ምንም አላገኘም። ቴትሪስ መጀመሪያ ሞስኮ ውስጥ የተሠራጨው ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ በነፃ እየተገለበጠ ነው፤ መብቱ በመንግሥት እጅ ነበር። ፓዥትኖቭ ከሽያጩ ድርሻ ማግኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሄንክ ሮጀርስ ከተባለ ሰው ጋር ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ ነው። በነፃ የዞረ ጨዋታ ዛሬ ጠበቃ ያለው ጨዋታ ሆኗል። የልጅቱ ፎንት ስሙ «ጡብ» ሆነ፤ መግለጫው ላይ ደግሞ ከየት እንደመነጨና ከኩባንያው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አንድ ዐረፍተ ነገር ገባ። አዛውንቱ ያንን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አርመውታል።

በረካው ሲቀርብ ፎንቱ ስልኳ ላይ ተጭኖ ነበር። ስልኩን ለአዛውንቱ ሰጠቻቸው።

ልጅቱ፦ የፈለጉትን ይጻፉ።

በአንድ ጣት፣ ቀስ እያሉ ጻፉ። «ቋንቋ» አሉ፤ ወጣ፣ በየቦታው ቀለሙን ይዞ። ትንሽ አሰቡና ሌላ ቃል ጨመሩ። ስክሪኑ ላይ መሐል የቆመው «ን» ጡብ በጡብ፣ አረንጓዴውን ይዟል። ከግራና ከቀኙ ያሉት ሁለት ፊደላት ግን ቀጫጭን፣ ጥቁር፣ የሌላ ቤት ልጆች ናቸው።

ጋሼ፦ ቧንቧሽ ደርቋል። ከጎረቤት ነው የቀዳሽው።

ልክ ናቸው፤ ፎንት የጎደለውን ፊደል ስልኩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ነው የሚያሳየው። ፕሮግራሙ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቆጥሮ ቆሟል። ስምንተኛው መቀመጫ ላይ፣ ቁጥር 1267፣ «ቧ» ተቀምጣለች። የ«ቋ» ቤት ለብቻው የራሱ መቀመጫ ስላለው ነው ከቆጠራው የተረፈው።

ልጅቱ፦ ቀለም እኮ አልተረፈኝም፣ ጋሼ። ሰባቱም ተይዘዋል።

ጋሼ፦ ቀለሙ ይቆይሽ። መጀመሪያ የጎደሉትን ጻፊ። «ሏ»፣ «ሟ»፣ «ሯ»፣ «ሷ»፣ «ሿ»…

ላፕቶፑ እንደገና ተከፈተ።